ድሮፕ ቴይል፣ ሬድ፣ ኮደል ወይስ ፓይ? ዋየርድና ዋይፋይ በተቀላቀለበት ኔትወርክ ላይ መጀመሪያ ወረፋው የት እንዳለ ፈልግ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው፤ ለማስተርስ ቴሲስህ ኤንኤስ-3 በሚባለው የኔትወርክ ሲሙሌተር ላይ ግማሹ ዋየርድ ግማሹ ዋይፋይ የሆነ ኔትወርክ ሰርተህ ራውተር ላይ ከተሰለፉት ፓኬቶች የትኛው መቼ እንደሚጣል የሚወስኑትን አራት አልጎሪዝሞች፣ ድሮፕ ቴይልን፣ ሬድን፣ ኮደልንና ፓይን፣ እያፈራረቅክ ሞከርክ፣ ሬድ አንዳንዴ ከድሮፕ ቴይል የባሰ ውጤት አመጣብህ፣ ዋይፋዩ ጋ ደሞ አራቱንም ብትቀያይር ግራፉ ንቅንቅ አላለም፣ እና አሁን "ኮዴ ተበላሽቷል ወይስ የትኛው ይሻላል ብዬ ልደምድም" ነው ያልከው።

ኮድህ ደህና ሊሆን ይችላል። ያየኸው ነገር ሁለቱም ምክንያት አለው፣ እንደውም እኔን ብትጠይቀኝ የቴሲስህ ዋና ግኝት መሆን ያለበት እሱ ነው። የተቀላቀለ ኔትወርክ ላይ የአልጎሪዝሙ ስም ከመምጣቱ በፊት ሁለት ነገር መታወቅ አለበት፣ አንደኛ አልጎሪዝሙ የሚለካው የወረፋውን ርዝመት ነው ወይስ ፓኬቱ ወረፋ ላይ የቆየበትን ጊዜ፣ ሁለተኛ ደሞ ወረፋው የተጠራቀመው አልጎሪዝሙ ቁጭ ባለበት ቦታ ነው ወይስ ከሱ በታች ሌላ ቦታ። እነዚህን ሳያጣሩ ቀጥታ ግራፍ መሳል ውስጥ ከተገባ አንዱ ሰው ሬድ አሸነፈ ይላል ሌላው ፓይ አሸነፈ ይላል፣ ሁለቱም የለኩት ግን የየራሳቸውን ሴቲንግ ነው።

ትንሽ ወደኋላ ልመልስህ፣ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። በ1986 በላውረንስ በርክሌይ ላብና በዩሲ በርክሌይ መሀል፣ 400 ያርድ ብቻ በሚራራቁ ሁለት ቦታዎች፣ ፍጥነቱ ከ32 ኪሎቢት በሰከንድ ወደ 40 ቢት በሰከንድ ወረደ። ኪሎ የሚለው አልተረሳኝም፣ አርባ ቢት ነው። ቫን ጃኮብሰን በ1988 ያወጣው ስራ ላኪው ፓኬት ሲጠፋበት ፍጥነቱን እንዲቀንስ አደረገና ቲሲፒ፣ ዳታ መድረሱን እያረጋገጠ የሚልከው ፕሮቶኮል፣ ዳነ። ግን ይሄ ጫፍ ላይ ያሉትን ማሽኖች ነው ያስተካከለው፣ መሀል ያለው ራውተር አሁንም ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ዝም ነው የሚለው። ሳሊ ፍሎይድና ራሱ ጃኮብሰን በ1993 ሬድን ያመጡት ለዚህ ነው፣ ወረፋው ሳይሞላ አስቀድሞ በዕድል እየጣሉ ላኪውን ማስጠንቀቅ። በ1998 አርኤፍሲ 2309 የሚባለው የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ ሬድ ራውተሮች ላይ ይግባ ብሎ መከረ፣ በ2015 ደሞ አርኤፍሲ 7567 መጥቶ ተካው፣ ወረፋን በንቃት ማስተዳደር ይገባል ግን ሬድን ለይተን አንመክርም አለ። በነዚህ 17 ዓመታት መሀል የሆነው ነገር ቀላል ነው፣ ሬድን በትክክል ማስተካከል ከባድ ስለሆነ ብዙ ቦታ ራውተሩ ውስጥ እያለ እንኳን ሰው አላበራውም።

ድሮፕ ቴይል ላይ ብዙ አልቆይም። ባፈሩ፣ ማለትም ፓኬት የሚሰለፍበት ሜሞሪ፣ ሲሞላ አዲስ የመጣውን ይጥላል፣ በቃ። ችግሩ የሚታይህ ግን ቁጥሩን ስትሰራው ነው። 1,000 ፓኬት የሚይዝ ወረፋ አለህ እንበል፣ ፓኬቱ 1,500 ባይት ከሆነ ሲሞላ 12 ሜጋቢት ነው። 1 ጊጋቢት ሊንክ ላይ ይሄ በ12 ሚሊሰከንድ ይወጣል፣ ማንም ልብ አይለውም። 100 ሜጋቢት ላይ 120 ሚሊሰከንድ፣ 10 ሜጋቢት ላይ 1.2 ሰከንድ፣ ዋይፋዩ ርቆ ሲግናሉ ተዳክሞ 1 ሜጋቢት ላይ ከወረደ ደሞ 12 ሰከንድ። ባፈሩ ያው ነው፣ ሴቲንጉ ያው ነው፣ የተቀየረው ሊንኩ ብቻ ነው። ጂም ጌቲስ ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ባፈርብሎት (ከልክ በላይ ትልቅ ባፈር የሚያመጣው መዘግየት) እያለ ሲጮህበት የነበረው ይሄንኑ ነው።

አሁን ሬድን በዚሁ አይን እየው። ሬድ የሚያየው አማካይ የወረፋ ርዝመትን ነው፣ በፓኬት ወይም በባይት። ኤንኤስ-3 ውስጥ ምንም ካልነካካኸው ዝቅተኛው ስሬሾልድ (መጣል የሚጀምርበት ገደብ) 5፣ ከፍተኛው 15 ፓኬት ነው። 15 ፓኬት 1 ጊጋቢት ላይ 0.18 ሚሊሰከንድ ነው፣ እዛ ላይ ሬድ ገና ወረፋ ሳይፈጠር ነው መጣል የሚጀምረው፣ ሊንኩ ባዶውን ይውላል፣ ትሩፑት (በሰከንድ የሚያልፈው ዳታ) ከድሮፕ ቴይል ያንሳል፣ አንተም "ሬድ ባሰ" አልክ። እነዛው 15 ፓኬቶች 1 ሜጋቢት ላይ 180 ሚሊሰከንድ ናቸው፣ እዛ ደሞ ለድምጽ ጥሪ በጣም ዘግይቷል። አንድ ቁጥር ለሁለቱም ሊሆን አይችልም፣ የተቀላቀለ ኔትወርክ ማለት ደሞ በትርጉሙ ሁለቱም ያሉበት ነው።

ከዚህ የባሰው አማካይ አወሳሰዱ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያየውም። ሬድ አማካዩን የሚያሰላበት ክብደት 0.002 ነው፣ ይሄ ማለት አማካዩ እውነተኛውን ወረፋ ለመከተል ወደ 500 ፓኬት ገደማ ማሳለፍ አለበት። 100 ሜጋቢት ላይ 500 ፓኬት በ60 ሚሊሰከንድ ያልፋል፣ ጥሩ ነው። 1 ሜጋቢት ላይ ግን 6 ሰከንድ ይፈጃል። ዋይፋይ ላይ ሰውየው በር ዘግቶ ወይ ላፕቶፑን አዙሮ ሬቱ (የሊንኩ ፍጥነት) በቅጽበት ሲወርድ ሬድ ነገሩ የሚገባው ከስድስት ሰከንድ በኋላ ነው፣ ያኔ ደሞ ሬቱ ተመልሶ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ወረፋው ባዶ ሆኖ ሳለ አማካዩ ገና ከፍ ብሎ ስለሚቆይ ያለ ጥፋታቸው ፓኬቶችን ይጥላል። በ2001 የመጣው አዳፕቲቭ ሬድ የመጣያውን ዕድል በየግማሽ ሰከንዱ እያስተካከለ ይሄን ያቀልላል፣ ክብደቱንም ከሊንኩ ፍጥነት ያሰላዋል፣ ግን የሊንኩን ፍጥነት አስቀድመህ ልትነግረው ይገባል፣ ዋይፋይ ላይ ደሞ ቋሚ ፍጥነት የሚባል ነገር የለም። ኤንኤስ-3 ሬድ ውስጥ ሊንክ ባንድዊድዝ የሚል መሙያ አለ፣ ዝም ካልከው 1.5 ሜጋቢት ነው ብሎ ነው የሚያስበው፣ እሱን ቼክ አርገው።

አንድ ነገር ደሞ ሳልረሳው፣ ያወዳደርካቸው በእኩል ባፈር ነው ወይ? የኤንኤስ-3 ዲፎልት ሬድና ፓይ ላይ 25 ፓኬት ነው፣ ፊፎው፣ ድሮፕ ቴይሉ ማለት ነው፣ 1,000 ፓኬት ነው፣ ኮደል ደሞ 1.5 ሜጋባይት ነው። ዲፎልቱን እንዳለ ከተውከው አንዱን በሲኒ ሌላውን በበርሜል ሰፍረህ ነው ያወዳደርከው። ጥርጣሬዬ ሬድህ የባሰበት ግማሽ ምክንያት ይሄ ነው። አራቱንም አንድ መጠን ስጣቸውና እንደገና አስኪደው፣ ሌላውን ሁሉ ከመነካካትህ በፊት።

ኮደል ሌላ አይነት አስተሳሰብ ነው፣ ካትሊን ኒኮልስና ያው ጃኮብሰን በ2012 ያወጡት። ርዝመቱን ተወውና እያንዳንዱ ፓኬት ሲገባ ሰዓት ይመዘገብበታል፣ ሲወጣ ስንት ቆየ ተብሎ ይታያል። ዝቅተኛው የቆይታ ጊዜ ለ100 ሚሊሰከንድ ሙሉ ከ5 ሚሊሰከንድ በታች አልወርድ ካለ ወረፋው ቋሚ ሆኗል ማለት ነውና ከፊት በኩል አንድ ይጥላል፣ ካልተስተካከለ ቀጣዩን ከ100 ሚሊሰከንድ በኋላ፣ ከዛ ከ71፣ ከዛ ከ58፣ ከዛ ከ50 እያለ ያፈጥነዋል፣ 100ን ለቁጥሩ ስኩዌር ሩት እያካፈለ። ዋናው ቁም ነገር ሊንኩ 1 ሜጋቢትም ይሁን 1 ጊጋቢት 5 ሚሊሰከንድ ያው 5 ሚሊሰከንድ መሆኑ ነው። የሬቱን መቀያየር ማንም ሳይነግረው ራሱ ያየዋል። በኔ እምነት ለተቀላቀለ ኔትወርክ ከ1993 ወዲህ የመጣው ትልቁ ሀሳብ ይሄ ነው፣ አልጎሪዝሙ ሳይሆን የሚለካው ነገር መቀየሩ።

እንከን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። 1 ሜጋቢት ላይ አንድ ባለ 1,500 ባይት ፓኬት ብቻውን ለመውጣት 12 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ ስለዚ 5 የሚለው ኢላማ እዛ ላይ ሊሳካ የማይችል ነገር ነው፣ ከፍ ማድረግ አለብህ። በሌላኛው ጫፍ ደሞ ጂኦስቴሽነሪ ሳተላይት ካስገባህ ደርሶ መልሱ 600 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው፣ ኮደል በ100 ሚሊሰከንድ ጣለ እንበል፣ ላኪው መልዕክቱ ደርሶት እስኪቀንስ ድረስ ኮደል ገና አልሰማኝም ብሎ ደጋግሞ ይጥላል። እዛ ላይ ኢንተርቫሉን፣ ያን 100 ሚሊሰከንድ፣ ወደ ደርሶ መልሱ መጠን ማሳደግ ግድ ነው። ሌላው ኮደል ዝግ ብሎ ነው የሚጠነክረው፣ ፓኬት ቢጠፋም ባይጠፋም ግድ የማይሰጠው ዩዲፒ ጎርፍ ከመጣ ብቻውን አይችለውም።

ፓይ በመሀል ነው ያለው። በ2013 መጣ፣ በ2017 አርኤፍሲ 8033 ሆነ። እሱም ጊዜን ነው ኢላማ የሚያደርገው፣ 15 ሚሊሰከንድ፣ ግን ፓኬቱ ሲገባ ነው የሚጥለው፣ የመጣያ ዕድሉንም በየ15 ሚሊሰከንዱ ነው የሚያስተካክለው። ጥሩነቱ እያንዳንዱ ፓኬት ላይ ሰዓት መመዝገብ የግድ ስላልሆነ ሃርድዌር ላይ ቀላል ነው፣ የኬብል ሞደሞች ስታንዳርድ ዶክሲስ 3.1 የመረጠውም እሱን ነው። ሰዓት ካልመዘገብክ ግን ቆይታውን የሚገምተው ከወረፋው ርዝመትና ከመውጫው ፍጥነት ነው፣ ዋይፋይ ላይ ደሞ ፓኬቶች አንድ በአንድ አይወጡም፣ ብዙ ሆነው ተጠቅልለው በአንዴ ይወጣሉ ከዛ ጸጥ ይላል፣ የመውጫው ፍጥነት ግምት ይዘላል። አርኤፍሲው በሰዓት መለካትንም ይፈቅዳል፣ ዋይፋይ ካለህ እሱን ምረጥ።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ዋይፋዩ ላይ ለምን አራቱም አንድ ሆኑ ወዳልከው እንምጣ፣ እኔን በጣም ያስደሰተኝ ጥያቄህ ይሄ ነው።

አልጎሪዝምህን የጫንከው ትራፊክ ኮንትሮል የሚባለው ላይኛው ሌየር ላይ ነው። ከሱ በታች ግን ዋይፋዩ የራሱ የማክ ኪው (ፓኬት ወደ አየር ከመውጣቱ በፊት የሚሰለፍበት ወረፋ) አለው፣ ኤንኤስ-3 ውስጥ ዲፎልቱ 500 ፓኬትና 500 ሚሊሰከንድ ነው። ላይኛው ወረፋ መጠራቀም የሚጀምረው ታችኛው ሞልቶ አልቀበልም ሲል ብቻ ነው። እስቲ ታችኛው መሙላቱን እንቁጠር። የቲሲፒው የመላኪያና የመቀበያ ባፈር ዲፎልት 131,072 ባይት ነው፣ ሴግመንቱ (በአንድ ፓኬት የሚጫነው ዳታ) ደሞ ዲፎልቱ 536 ባይት ነው፣ ስለዚ አንድ ፍሎው (አንድ የቲሲፒ ግንኙነት) ቢበዛ ቢበዛ በመንገድ ላይ ሊያስቀምጥ የሚችለው 244 ፓኬት ገደማ ነው። ሁለት ፍሎው ካለህ 488። አምስት መቶ አይሞላም! ላይ ያለው ሬድ ወይ ኮደል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባዶ ወረፋ እያየ ተቀምጧል፣ አንድም ፓኬት ለመጣል ምክንያት አላገኘም፣ አንተ ግን አራት ግራፍ ሳልክ። አራቱም የማክ ኪውው ግራፍ ናቸው።

ይሄ የሲሙሌሽን ጉድ ብቻ እንዳይመስልህ፣ እውነተኛ መሳሪያ ላይም ለዓመታት እንዲህ ነበር። ሊኑክስ ላይ ኤፍኪው-ኮደል፣ ወረፋውን በፍሎው የሚከፋፍለው የኮደል አይነት፣ በ2012 በከርነል 3.5 ሲገባ ኤተርኔቱ ጋ ቶሎ የሰራው ከሱ ትንሽ ቀደም ብሎ በ3.3 ቢኪውኤል የሚባል ነገር ገብቶ የካርዱን የታችኛውን ወረፋ አሳጥሮለት ስለነበረ ነው። ዋይፋዩ ጋ ግን ድራይቨሩና ፈርምዌሩ ከታች ብዙ ስለሚያጠራቅሙ ከላይ የተጫነው ብልህ አልጎሪዝም እምብዛም ጥቅም አልሰጠም። የተፈታው ኤፍኪው-ኮደሉን ራሱ ወደታች፣ ማክ80211 ወደሚባለው የዋይፋይ ክፍል ውስጥ አውርደው ሲያስገቡት ነው። እዛ ሲገባ ደሞ ቁጥሮቹ ተቀየሩ፣ ኢላማው 5 መሆኑ ቀርቶ 20 ሚሊሰከንድ ሆነ፣ ለዘገምተኛ ተጠቃሚ ደሞ 50 ኢላማና 300 ኢንተርቫል። ዋይፋይ ተጠቅልሎ ስለሚልክና አየሩን ለማግኘት ተራ ስለሚጠብቅ 5 ለሱ በጣም ጠባብ ነው።

ከዚሁ ጋር የአየር ሰዓት ክፍፍል የሚባለውን አትርሳ። ዋይፋይ በተፈጥሮው ለሁሉም እኩል የመላክ ዕድል ነው የሚሰጠው እንጂ እኩል ጊዜ አይሰጥም፣ ስለዚ 1 ሜጋቢት ላይ ያለ አንድ ተጠቃሚ 11 ሜጋቢት ላይ ያሉትን በሙሉ ወደሱ ፍጥነት ይጎትታቸዋል። ይሄ ከ2003 ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። የትኛውም የወረፋ አልጎሪዝም ብቻውን ይሄን አይፈታውም፣ ሁሉንም ተጠቃሚዎችህን አክሰስ ፖይንቱ አጠገብ ካስቀመጥካቸው ደሞ ጭራሽ አይታይህም፣ ቢያንስ አንዱን አርቀው።

ፓኬት መጥፋትን በተመለከተ ዋየርለስ ላይ ፓኬት የሚጠፋው በመጨናነቅ ብቻ ስላልሆነ ቲሲፒ ይሳሳታል የሚል መነሻ ካለህ በከፊል ልክ ነው፣ ግን ዋይፋይ ያልደረሰውን ፍሬም ራሱ ደጋግሞ ስለሚልክ፣ ሞባይል ኔትወርኩም እንደዛው፣ ቲሲፒ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ መጥፋትን ሳይሆን መዘግየትን ነው። ያ ድግምግሞሽ ወረፋውን ያቆመዋል፣ ኮደልም መጨናነቅ ነው ብሎ ያየዋል። ኢሲኤን እዚህ ይረዳል፣ ከ2001 ጀምሮ በአርኤፍሲ 3168 ያለ ነው፣ ራውተሩ ከመጣል ይልቅ ፓኬቱ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ላኪው የመጨናነቅን ምልክት ከአየር ላይ ብክነት ለይቶ ያውቀዋል። ኤንኤስ-3 ላይ ወረፋውም ጋ ቲሲፒውም ጋ ለየብቻ ማብራት አለብህ፣ አንዱን ብቻ ካበራህ ምንም አይሰራም።

የትኛው ይሻላል ላልከው ቀጥታ መልሴ ኤፍኪው-ኮደል ነው፣ በዝርዝርህ ውስጥ የለም፣ ጨምረው። በአርኤፍሲ 8290 ያለው ነው፣ ትራፊኩን 1,024 ንኡስ ወረፋዎች ላይ በፍሎው ይበትነዋል፣ በየተራ 1,514 ባይት እየሰጠ ያሳልፋቸዋል፣ አዲስና ቀጭን ፍሎዎችን ያስቀድማል፣ እያንዳንዱ ንኡስ ወረፋ ላይ ደሞ ኮደል አለ። ያ የዩዲፒ ጎርፍ የራሱን ወረፋ ብቻ ነው የሚሞላው፣ የድምጽ ጥሪው ባጠገቡ ያልፋል። ዲኤንኤስ ጥያቄ ከትልቅ ዳውንሎድ ጀርባ መቆሙ ይቀራል። በጠረፍ ራውተር ላይ፣ የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ሊንኮች በሚገናኙበት ቦታ፣ ያለ ምንም ማስተካከያ እንዲህ የሚሰራ ሌላ አላውቅም። ድክመቱ ቪፒኤን ነው፣ ሁሉም ነገር አንድ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ከውጪ አንድ ፍሎው ይመስለዋል። በ2018 ሊኑክስ 4.19 ውስጥ የገባው ኬክ የሚባለው አልጎሪዝም በተጠቃሚም ጭምር ይከፋፍላል፣ የራሱ ሼፐርም (ፍጥነት ገዳቢ) አለው፣ ማነቆው ያንተ ባልሆነ ሞደም ውስጥ ሲሆን ፍጥነቱን ትንሽ ዝቅ አርገህ ወረፋውን ወደራስህ ታመጣዋለህ። እልፍ ፍሎዎች በሚያልፉበት ትልቅ ኮር ራውተር ላይ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ እዛ ሃርድዌሩ ስለሚወስን እንደ ፓይ ያለ ቀለል ያለ ነገር ይበቃል።

ሙከራህን እንዲህ ብታስተካክለው ደስ ይለኛል። ሴግመንቱን 1,448 አርገው፣ የቲሲፒ ባፈሩን ጥቂት ሜጋባይት አድርሰው፣ የማክ ኪውውን አሳጥረውና ሳይነካ ከነበረው ጋር ለየብቻ አስኪድ፣ ልዩነቱ ራሱ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል። የዋየርለሱን ፍጥነት መሀል ላይ ስበረው፣ ለምሳሌ ሰላሳኛው ሰከንድ ላይ ከ50 ሜጋቢት ወደ 2፣ ስልሳኛው ላይ መልሰው፣ ኮደልና ሬድ የሚለያዩት በዛች መሸጋገሪያ ላይ ነው። ትራፊኩ ረጅም ዳውንሎድ ብቻ አይሁን፣ አጫጭር ኮኔክሽኖችና የድምጽ ጥሪ የሚመስል ዩዲፒም ጨምር። ስትለካ አማካይ ትሩፑትን ብቻ አታውጣ፣ አማካይ ሁሉንም ይደብቃል፣ ሊንኩ ሞልቶ እያለ ያለውን ዲሌይ 95ኛና 99ኛ ፐርሰንታይል አሳይ። በየአስር ሚሊሰከንዱ የላይኛውንም የታችኛውንም ወረፋ ለየብቻ ሎግ አርግ። የአለካክ መመሪያ ከፈለግክ አርኤፍሲ 7928 ለዚሁ ተብሎ በ2016 የወጣ ነው፣ አማካሪህ "ለምን እነዚህን ሁኔታዎች መረጥክ" ሲሉህ እሱን ታሳያቸዋለህ።

በመጨረሻ ኤል4ኤስ ስለሚባለው በጥያቄህ ጫፍ ላይ ጠቅሰህ ነበር። በጥር 2023 ከአርኤፍሲ 9330 እስከ 9332 ወጥቷል፣ ሁለት የተጣመሩ ወረፋዎች አሉት፣ አዲስ አይነት ላኪዎች በአንዱ ነባሮቹ በሌላው ይሄዳሉ፣ የወረፋ ዲሌይን ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ማድረግ ነው ሀሳቡ። የሚያምር ስራ ነው፣ ግን ላኪው፣ ተቀባዩና ማነቆው ላይ ያለው መሳሪያ ሶስቱም መተባበር አለባቸው፣ ዋይፋይ ላይ ደሞ 1 ሚሊሰከንድን መጠበቅ ራሱን የቻለ ምርምር ነው። ለማስተርስ ጊዜህ ዋናው ንጽጽር ላይ ቢውል ይሻላል፣ ኤል4ኤስን ወደፊት የሚሰራ ስራ ብለህ አንድ አንቀጽ ስጠው። ስክሪፕቱንና የወረፋ ሎጉን ስታወጣ ላክልኝ፣ አየዋለሁ።